ግድግዳም ያልበዋል

ሰናይት የደወለችልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አዳማ ቢሮዬ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም ነበር። «አባዬ አረፈ» አለችኝ። ትናንት ተቀበረ፣ ስልክሽን ፈልጌ ያገኘሁት አሁን ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለች። ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ መሆኗ አሳፈረኝ። አባቷን ጋሽ ደገፉን ደውዬ ካነጋገርኳቸው አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ ትዝ የሚለን ነገር ግራ ነው። እኔ ትዝ ያለኝ ጥርሳቸው ነው። የፊት ጥርሶቻቸው ጫፋቸው ተበልቶ ነበር፤ የማያውቃቸው ሰው በዕድሜ ያመካኝላቸዋል እንጂ ነገሩ አፈር ነው። ጋሽ ደገፉ አፈር ይቀምሱ ነበር። ከተቆፈረው ላይ ቆንጠር ያደርጉና በፊት ጥርሳቸው ቀስ ብለው እያኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። ከተንቋቋ አሸዋ በዝቶበታል። ጥርስ ላይ ከተለጠፈ ሸክላው አይሏል። ከዚያ እንትፍ ብለው አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጉና ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ ወይ «ይኼ ቤት ይሆናል» ነው፣ ወይ «ይኼ ለጎመን ይሁን» ነው። ላቦራቶሪ ልኬ ሳምንት ጠብቄ የማገኘውን መልስ እሳቸው ቆመው ነበር የሚነግሩኝ። ሲሳሳቱም አላየሁም።

እሮብ በጠዋት ለሣልስቱ ልድረስ ብዬ የአሰላ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኢተያ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ትንሽ አቆመን። ከስንዴ ማሳው መሀል ግራና ቀኝ የብሎኬት ቤቶች ተጀምረው ቆመዋል። ግማሾቹ ጣሪያ የላቸውም፣ ካናታቸው የወጣው ብረት ዝጓል። ባለቤቶቹ ሲሚንቶ ሲገኝና ሲረክስ ይቀጥላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን እኔ ፈርሜበት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ደገፉን መጀመሪያ ያየኋቸው ከደሴ አሰላ ተመድቤ በሄድኩ በዓመቱ ነው። የግንባታ ፈቃድ መርማሪ ነበርኩ። የጭላሎን ብርድ ገና አልለመድኩትም፣ ቢሮ ውስጥ ካፖርቴን አላወልቅም። አንድ ስልሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ባለባርኔጣ ሰውዬ የማዳበሪያ ከረጢት ታቅፎ ገባና «አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለኝ። መልስ ሳልሰጥ ከከረጢቱ አንድ ቀይ ጡብ አውጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ያልተተኮሰ፣ የአፈር ጡብ ነው። «ቁሚበት» አለኝ።

እብድ መሰሉኝ። ዘበኛ ልጥራ ወይስ ልቁም እያልኩ ሳመነታ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ቆሜበት ነው የመጣሁት» አሉ። ቆምኩበት። ባለ ተረከዝ ጫማ ነበር ያደረግሁት፣ ጡቡ ላይ ግን ምልክት እንኳ አልወጣበትም። ኃላፊያችን በበሩ ሲያልፍ አይቶኝ «ኢንጂነር፣ ቁመትሽ ጨመረ» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ደገፉ ያን ሳቅ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ለመኑና ጡቡን ውሃ ውስጥ ነክረውት ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት መጥተው አወጡት። ጠርዙ ትንሽ ለስልሷል እንጂ ሙሉ ነበር። «ዋና ነው ያስተማርኩት፣ አልሞተም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ግቢያቸው መመላለስ ጀመርኩ። ወጣ ካለ ሰፈር፣ ራሳቸው የሠሩት ዝቅ ያለ የአፈር ቤት ውስጥ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖሩ ነበር። የድንጋይ መሠረቱ እስከ ጉልበት ከፍ ያለ፣ ክፈፉ ክንድ ከስንዝር ወጣ ያለ ነው። ግድግዳውን አንድም ቦታ ሲሚንቶ አልነካውም፤ በኖራና በአፈር የተቀባ ነበር። ሐምሌ ላይ ከውጭ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ገብቼ ካፖርቴን የማወልቅበት ብቸኛው ቤት እሱ ነበር።

ግቢው መሀል የጡብ መጭመቂያቸው ተተክሏል። ከተጣለ ኮምባይነር በወጣ ብረት፣ ከአንድ በያጅ ጋር ሦስት ወር ተሟግተው ያሠሩት ነው። እጀታው ረጅም ስለሆነ ሁለት ሰው ካልተንጠለጠለበት አይጫንም። ገለባውን ከማሳ ያመጡታል፤ ኮምባይነር አጭዶ ጥሎት የሚሄደውን፣ ገበሬው የሚያቃጥለውን። ከቀዩ አፈርና ከጥቂት ኖራ ጋር አቡክተው በላስቲክ ሸፍነው ሦስት ሳምንት ያስተኙታል። ሲከፈት ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል፣ መቼም ማወድ ከተባለ። ጎረቤቶች ደገፉ ቤት ፍየል ሞቶ ነው ወይ እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ጭቃ ካልሸተተ አልደረሰም፤ የምትቸኩሉ ብሎኬት ግዙ» ይሏቸዋል።

ዛሬ በየስብሰባው የሚነገረውን የአካባቢ ጥበቃ ወሬ ጋሽ ደገፉ አያውቁትም። የራሳቸው ሂሳብ ነበራቸው። ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። «እነሱ ሲመጡ ይኼ ሁሉ ጥድ ነበር አሉ» ይሉኝ ነበር፤ «እኛ ቤት አደረግነው፣ ማገዶ አደረግነው፣ ጨረስነው። አሁን ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን ሲሚንቶ ጠባቂ ሆንን። አፈሩ እኮ እግራችን ስር ነው ያለው።» ይህን ሲሉ ሁልጊዜ መሬቱን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅሱ።

ታዲያ ማን ይስማቸው። አርሲ ውስጥ ብሎኬት ቤት ማለት ክብር ነው። ልጅ ሲታጭ እንኳ ሽማግሌው የሙሽራው ቤት ብሎኬት ነው ወይስ «መነ ዶቄ» ብሎ ይጠይቃል። መነ ዶቄ፣ የጭቃ ቤት፣ የድሃ ስም ነው።

የሰማቸው አንድ ሰው ነው፤ ኦቦ ገመቹ። ከሳጉሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው አራት ክፍል በብሎኬት ተጀምሮ፣ ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ዓምዱ ብቻ ሁለት ዓመት ቆሟል። ልጆቹ ላስቲክ ስር ነው የሚማሩት፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ደብተር ይበተናል፣ ሐምሌ ሳይደርስ ግማሹ ልጅ ሳል ይይዘውና ይቀራል። ኦቦ ገመቹ ጋሽ ደገፉ ግቢ መጥተው ጡቡን በእግራቸው ረገጡ፣ በመጥረቢያ ዛቢያ መቱ፣ ከዚያ ቤት ገብተው እሳት በሌለበት ቤት ሙቀቱ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። ሲወጡ የእኛንም ትምህርት ቤት በዚህ ሥራልን አሏቸው።

ጋሽ ደገፉን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የነበረ ነገር ነው። ይህ ትምህርት ቤት ከቆመ ሌሎች ቀበሌዎች ይከተላሉ፤ ከወደቀ ግን ጭቃ ለዘላለም የድሃ ስም ሆኖ ይቀራል። ራሳቸው ነበሩ እንዲህ ያሉኝ፣ እጀታው ላይ ተደግፈው።

ፈቃዱ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ኃላፊያችን መመሪያውን አነበበልኝ፤ የሕዝብ ሕንፃ በቋሚ ቁሳቁስ ይሠራል ይላል፣ አፈር ደግሞ ቋሚ አይደለም። ብዙ ተከራከርኩት። በመጨረሻ አንድ ብልሃት የመሰለኝን አመጣሁ። ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ልስን ከተሸፈነ ፊቱ ቋሚ ነው ማለት ይቻላል አልኩት። ለብሎኬት የሚበቃ ሲሚንቶ ባይገኝም ለልስን የሚሆን ጥቂት ኩንታል ከዚህም ከዚያም አይጠፋም። ኃላፊዬ አሰበና እሺ አለ። የዚያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር፤ ጋሽ ደገፉን ያዳንኳቸው መስሎኝ።

እኔ ጽፌ ከኃላፊው ጋር የፈረምንበትን የፈቃድ ደብዳቤ ሊወስዱ ሲመጡ መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ላስቲክ ለብሶ ሲያርስ የዋለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ዝናቡ አይደለም የሚያበሰብሰው፤ የገዛ ላቡ ነው። ግድግዳም ያልበዋል ልጄ። ላቡን የማያስወጣ ልብስ ካለበስሽው ከውስጥ ይበሰብሳል። ሲሚንቶ የምትለዋን ቃል ኖራ በያት። ኖራ ያስተነፍሰዋል። አንድ ቃል ነው።»

ኃላፊው አይፈርምም አልኳቸው። ያለ ልስኑ ትምህርት ቤቱ ጨርሶ የለም፣ ልጆቹ ላስቲክ ስር ይቀራሉ አልኳቸው። ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያውን ግን አላውቅም፤ ኃላፊውን ጠይቄው አላውቅማ። ወደ አዳማ የዝውውር ማመልከቻዬ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ አስቸግሬዋለሁ፣ ለአንድ ቃል ብዬ ተመልሼ ልገባበት አልፈለግኩም። ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባገኝ እወድ ነበር።

«አንቺ ታምኚበታለሽ?» አሉኝ።

«አምንበታለሁ» አልኩ።

ደብዳቤውን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ግንባታው አራት ወር ፈጀ። ቀበሌው በሙሉ በደቦ ወጣ። ወንዶቹ ጭቃ ይረግጣሉ፣ ሴቶቹ ገለባና ውሃ ያቀርባሉ፣ እጀታው ላይ ለመንጠልጠል ሰልፍ ነበር። ጋሽ ደገፉ ከጡቡ ጋር ጎንበስ ቀና እያሉ በኦሮምኛ ይቆጣሉ፣ በአማርኛ ይቀልዳሉ። ግድግዳው ቀይ ሆኖ ሲያልቅ እኔ እንኳ፣ ስንት ሕንፃ ያየሁት፣ ቆሜ አየሁት። የልስኑ ቀን እሳቸው አልመጡም፤ ጉንፋን ይዞኛል ብለው ላኩ። ሲሚንቶው ደርቆ፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሲያበራ ኦቦ ገመቹ «ይኸው አሁን ትምህርት ቤት መሰለ» አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን።

ምረቃው ላይ ግን መጡ። ንግግሩ ሲደረግ ከሰው ኋላ ሄደው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሲቆሙ አየኋቸው። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚነኩ ነበር የነኩት።

የመጀመሪያው ክረምት አለፈ። ልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጣ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። በዚያ ስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ አጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ግድግዳው ከውጭ ነጭ ሆኖ፣ አምሮበት፣ ከውስጥ ያብጥ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ተማሪ በሌለበት፣ የሦስተኛው ክፍል የጀርባ ግድግዳ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። የዝውውር ደብዳቤዬም በዚያው ሳምንት ደረሰኝ።

እንዲያጣሩ ከተላኩት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ስንደርስ ቀበሌው ተሰብስቧል። ልስኑ በሙሉ ገጹ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ከኋላው የነበረው ጡብ ጡብነቱ ቀርቶ ሊጥ ሆኗል። ጋሽ ደገፉ ጎንበስ ብለው ጭብጥ አደረጉና ጨመቁት። በጣቶቻቸው መሀል ውሃ ወረደ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቆንጥረው ወደ አፋቸው ወሰዱት። ያን ቀን እንትፍ አላሉም።

ኦቦ ገመቹ ፊት ለፊታቸው መጥተው ቆሙ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ደገፉ፣ እኛ አምነን ልጆቻችንን ነው የሰጠንህ» አሏቸው። «ትምህርት ቢኖር ኖሮ ሠላሳ ሬሳ ነበር የምናወጣው። ጭቃ ድሮም ጭቃ ነው፤ አንተ ግን አታለልከን።»

አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ወደ እኔ ይጠቁማሉ ብዬ ጠበቅኩ። ደብዳቤው እሳቸው ጋ ነው፤ ፊርማዬ አለበት። ጋሽ ደገፉ የያዙትን ጭቃ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«ልክ ነህ ገመቹ» አሉ።

ስንመለስ ሳጉሬ መናኸሪያ ሚኒባስ እስኪሞላ አብረን ቆምን። ለምን አልተናገሩም ጋሼ አልኳቸው። «እኔ እንግዲህ አለቀልኝ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ማንም አፈሬን አይረግጥልኝም። አንቺ ግን ገና ብዙ ወረቀት ትፈርሚያለሽ። ስምሽን ካጠፋሁት ማን ይፈርማል? አንዱን ታስተካክያለሽ ብዬ ነው።»

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአደጋው ምክንያት ከሚለው ትይዩ «ግድግዳው ከጭቃ የተሠራ በመሆኑ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ልስኑ ለመጻፍ ስለ ደብዳቤው መጻፍ ነበረብኝ፤ ስለ ደብዳቤው ከጻፍኩ ደግሞ ዝውውሬ አበቃለት። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በአፈር ጡብ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ሊከተሉ አስበው የነበሩ ሁለት ቀበሌዎችም ተዉት። ልጆቹ ወደ ላስቲኩ ተመለሱ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እኔ ግን ያኔ አላለቀስኩም፣ ዕቃዬን ሸክፌ አዳማ ገባሁ።

ለእንቁጣጣሽ እደውልላቸው ነበር። ከሰላምታ በኋላ ሁልጊዜ ያችኑ ነበር የሚጠይቁኝ፤ «እህ፣ አንዱን አስተካከልሽ?» ገና ነኝ ጋሼ እላለሁ። አይዞሽ ይሉኛል። በሁለተኛው ዓመትም ገና ነኝ አልኩ። በሦስተኛው አልደወልኩም።

አሰላ ስደርስ ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተክሏል። ቤቱ እንዳለ ነው። ከጎኑ አዲስ የተሠራው የጎረቤት ብሎኬት ቤት እስከ ወገቡ ሻግቷል፣ የጋሽ ደገፉ ግን ደረቅ ነው፤ እየነካሁ ነው የገባሁት። መጭመቂያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ሰናይት አባቷ ራሳቸው አምና ለቁራሌ እንደሰጡት ነገረችኝ። ቁራሌዎቹ ለሁለት ሆነው ተሸክመው ሲያወጡት እሳቸው በር ድረስ ሸኝተው ተመለሱ አለችኝ።

አልቅሰን ከተቀመጥን በኋላ ኦቦ ገመቹ መጡ። አርጅተዋል፣ በበትር ነው የሚሄዱት። ከሳጉሬ ተነስተው ቀብሩ ላይም ነበሩ፤ አሁንም ለሣልስቱ ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ሰናይት አጠገብ ተቀምጠው፣ ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነው የመቃብሩን ነገር አነሱ። በሲሚንቶ ይሠራል፣ ላዩ ሴራሚክ ይለብሳል፣ ሲሚንቶውን እኔ አመጣለሁ አሉ።

«ያኔ በሰው ፊት ክፉ ነገር ተናግሬዋለሁ» አሉ፤ ዓይናቸው ውሃ ሞልቷል። «ሰው ይሳሳታል፣ ደገፉም ተሳሳተ እንጂ ክፉ አልነበረም። ይቅር በለኝ ሳልለው ሞተብኝ። በአፈር ብቻ ትቼው አልሄድም።»

ሰናይት ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ አፈር ይበቃኛል ይል ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለእነሱ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሥራውንም ታውቂዋለሽ። አይሆንም ካልሽ ይሰሙሻል።»

እውነቷን ነው፣ ይሰሙኝ ነበር። አይሆንም ለማለት ግን ለምን እንደማይሆን መናገር ነበረብኝ። ጋሽ ደገፉ አልተሳሳቱም፣ ግድግዳውን የጣለው ሲሚንቶው ነው፣ ሲሚንቶውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ እኚህ ሽማግሌ ፊት፣ በጋሽ ደገፉ ሣልስት፣ በጋሽ ደገፉ በገዛ ቤታቸው። ልናገርም ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አፌን ከፍቼ ነበር።

ኦቦ ገመቹ አፌን ስከፍት አይተው ጎንበስ አሉልኝ። «ስንት ኩንታል ይበቃል፣ ኢንጂነር?» አሉኝ።

«አምስት ይበቃል» አልኩ።